የእመት ጆሮን ሄድፎን ማን ነካው?

እኔ ዘበኛ ነኝ። ከስሜና ከፊርማዬ በቀር ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ነገሩን ካወላገድኩት እንደ ወንድም እለፉኝ። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሴት ነው። የተዋወቅነው ሰው አስተዋውቆን አይደለም። ጠርጥራኝ ነው።

የምጠብቀው ሕንጻ ምድር ቤቱ የመስታወት መሸጫ፣ መሀሉ የጥርስ ሐኪም፣ ላይኛው የጽሕፈት ሥራ ቢሮ ነው። እዚያ ቢሮ ሰዎች በስልክ ወይም በመቅረጫ የተቀዳ ድምፅ ያመጣሉ። ስብሰባ ይሁን፣ የምስክር ቃል ይሁን፣ የእርቅ ንግግር ይሁን፣ የቢሮው ሰዎች በሄድፎን እያዳመጡ አንድ ቃል ሳያስቀሩ በኮምፒውተር ይተይቡታል። ጠዋት በሩን ለጽዳት ሠራተኛዋ የምከፍተው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንደ ወትሮዬ በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ደረጃውን እየዘለለች ወረደችና ፊቴ ተገተረች።

«ወንበሬ ላይ ማነው የተቀመጠው?» አለችኝ። እንደምን አደርክ የለ፣ ምን የለ።

«የቱ ወንበር?»

«አታውቀውም? ቁልፉ አንተ ዘንድ አይደል የሚያድረው?»

«ቁልፉ ያድራል እንጂ እኔ እዛ አላድርም» አልኳት። ቀልድ ብጤ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ጠዋት ጠዋት እየገባህ ዘፈን ትሰማበታለህ። የኮምፒውተሬን ድምፅ ያበላሸኸው አንተ ነህ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ኮምፒውተር በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም።»

«አለማወቅህን በምን አውቃለሁ?» አለችና ከላይ እስከ ታች አይታኝ ተመለሰች።

እኔም ያን ቀን ሙሉ እጄን ሳይ ዋልኩ። ሰው ሲጠረጥርህ ሳትነካም የነካህ ይመስልሃል።

ሕንጻው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እመት ጆሮ» ነው የሚላት። ስሟን ብጽፍ ስለማትወድልኝ አልጽፈውም። ቅጽል ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ሌላው ሰው ሺህ ጊዜ መልሶ ቢያዳምጥ ጉርምርምታ ብቻ የሚሰማውን ነገር፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጊዜ ትሰማና «‘በሩን ዝጊው’ ነው ያለው» ትላለች። እውነትም ‘በሩን ዝጊው’ ሆኖ ይገኛል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በዚሁ ጆሮዋ ነው። ልጅቷ አሁን ልብስ ሰፊ ሆናለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ እናቷን ለመውሰድ ትመጣና እኔ ዘንድ ቆማ ትጠብቃታለች።

ቢሮው ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ጨርሶ ያልተሰማ ነገር ሲያጋጥም ሰው ከሆዱ ፈጥሮ አይጽፍም፤ ቦታው ላይ «አልተሰማም» ብሎ ያልፋል። እመት ጆሮ ይህን ቃል መጻፍ እንደ ስድብ ነበር የምትቆጥረው። ግን እኔን ከመጠርጠሯ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ በሥራዋ ላይ «አልተሰማም» መብዛት ጀመረ። ድምፁ ይርቃታል። ስትጨምረው ይሰነጠቃል። ስትቀንሰው ይጠፋል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ዝንብ የሚጮህ ነገር አለ።

ይህ ሁሉ የመጣው አንድ አዲስ ልጅ ከተቀጠረ በኋላ ነው። መነጽር ስለሚያደርግ ባለመነጽሩ እንለዋለን። ለሁለቱ ያለው ኮምፒውተር አንድ ስለሆነ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እሱ ይሠሩበታል። እሱ ሲቀጠር የድሮው ሄድፎን ተሰብሮ አዲስ ተገዝቶ ነበርና ሄድፎኑንም ይጋራሉ። ልጁ ዝምተኛ ነው። ሲገባም ሲወጣም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። እኔም ብሆን እንዲህ ዓይነት ሰው ልቤ አይጥለውም፤ የሚያወራ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚያስብ ትሰማለህ።

እኔን ቀስ በቀስ ለቀቀችኝና ዓይኗን እሱ ላይ ጣለች። ከሥራ ስትነሣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የድምፅ ልክ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች። በነጋታው ስትገባ ታመሳክረዋለች። ፎቶውን አምጥታ አሳየችኝ።

«እየው። ትናንት ጣሪያ ድረስ አድርጌው ነው የሄድኩት። ዛሬም ጣሪያ ላይ ነው።»

«እንግዲያው አልነካውማ» አልኳት።

«ሞኝ ነህ እንዴ? ነክቶ መለሰው እንጂ! ያልነካ ሰው እንዲህ ልክክ አድርጎ ይተዋል?»

ከነካው ጥፋተኛ፣ ካልነካው ደግሞ የባሰ ጥፋተኛ። «ጠርጥር የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው» አለችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሰዓት አሳምናኝ ነበር።

ነገሩ የከፋው የሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ሲመጣ ነው። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት፤ በቤታቸው መሀል ባለው ግንብ ተጣልተው ለሽማግሌዎች የተናገሩት ሁሉ ተቀድቷል። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ማይክራፎን ተደርጎላቸው ነበር። እመት ጆሮ ጻፈችው። ወረቀቱ ለሁለቱም ተሰጠ። በነጋታው ታላቅየው ወረቀቱን እያርገበገበ መጣና በሬ ላይ ሳይቆም ሽቅብ ወጣ። ጩኸቱ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል።

«የወንድሜ ቃል አንድ ሳይቀር አለ! የእኔ ‘አልተሰማም፣ አልተሰማም’! እኔ ዲዳ ነኝ? ከእሱ ጋር ተመሳጥራችሁ ነው!»

ተከትዬው ወጥቼ ነበር። እመት ጆሮ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ስንቱን ስትጠረጥር የኖረች ሴት፣ በዚያ ቀን ተጠርጣሪዋ እሷ ሆነች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሲናገሩ እያንሾካሾኩ ነው» አለችው።

«እኔ ነኝ የማንሾካሹከው? እኔ?» አለ ሰውየው። መስኮቱ ነዘረ። ሥራ ሊረከብ ቀደም ብሎ የገባው ባለመነጽሩ አንገቱን ሰበረ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አለቃው በሩን እንኳ ሳይዘጋ ተናገራት። «ዓርብ ድረስ እንደገና ትሠሪዋለሽ። ዓርብ አንድ ‘አልተሰማም’ ካየሁ፣ ወንበሩን ለልጁ ሰጥቼ አንቺን ኮፒ ማሽኑ ጋ ነው የማስቀምጥሽ። ምን ላድርግ? የቢሮውን ስም ማስጠፋት አልችልም።»

ደረጃው ላይ ደረሰችብኝና እጄን ያዘችኝ። «ሰማህ? ‘ወንበሩን ለልጁ’ አለ። ሁለቱ ተነጋግረዋል። አንተ ማታ መስኮት ለመዝጋት ትወጣ የለ? ልጁ ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ እይልኝ። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

«እኔንስ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንህም። ግን ከእሱ ትሻላለህ።»

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ልጇ እኔ ዘንድ ቆማ ሳለ የሆነ ነገር አወራችኝ። «ጋሼ፣ እማዬ እዚህም እንዲህ ታደርጋለች? እቤት ቴሌቪዥኑን ስታስጮኸው ግድግዳው ሊፈርስ ነው። ቀንሺው ስላት ‘ጎረቤት በሪሞቱ እየቀነሰብኝ ነው’ ትለኛለች።» ሳቅን። ሳቅንና አለፍነው።

ከሰዓቱ ሥራ ሲያልቅ መስኮት እዘጋለሁ ብዬ ወጣሁ። በሩ ግማሹ መስታወት ነው፤ ጥግ ይዤ አየሁ። ባለመነጽሩ ሄድፎኑን ከራሱ አወለቀ። ከኪሱ ጨርቅ አወጣና ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ስፖንጅ ቀስ አድርጎ ጠረገው። ይህስ ምን የሚቀባ ነው ብዬ ደንገጥ አልኩ። ከዚያ ወደ ገመዱ ሄደ። ገመዱ መሀል ላይ ባቄላ የምታክል ጥቁር ነገር አለች፤ ጀርባዋ ላይ ልብስ መቆንጠጫ አላት። እሷን ያዘና በአውራ ጣቱ የሆነ ነገር ሽክርክር፣ ሽክርክር አደረገ። ሄድፎኑን እንደ ሕፃን አስተኝቶት ወጣ። ሲያየኝ «ደህና እደሩ» አለኝ። ደህና እደሩ ማለቱን ራሱ ጠረጠርኩት።

በነጋታው ለእመት ጆሮ ነገርኳት። ያቺን ጥቁር ነገር በዓይኗ ፈልጋ አገኘቻት፤ ሹራቧ ኮሌታ ላይ ነበረች። እስከዚያ ቀን ነገሯ መቆንጠጫ ብቻ ነበር የምትመስላት። ጠዋት ስትገባ ኮሌታዋ ላይ ትቆነጥጣታለች፣ አበቃ። የድሮው ሄድፎን እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረውም። እጇን ሰዳ ልትነካት ስትል መልሳ ሰበሰበችው።

«አልነካም። እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው።»

ባለመነጽሩ ሥራ ሊረከብ ሲገባ አለቃውን ጠርታ ጠበቀችው። እኔን ምስክር ብላ አቆመችኝ።

«ይቺን ነገር ማታ ማታ ምን ታደርጋታለህ?» አለችው።

«እቀንሳታለሁ።»

«ሰማችሁ? እቀንሳታለሁ አለ! በገዛ አፉ!»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ ልጁ። ግራ ገብቶታል። «ድሮ የምሠራበት ቦታ ስልክ የምንመልስ ሰዎች በፈረቃ አንድ ሄድፎን እንጋራ ነበር። ተነሥተህ ስትሄድ ድምፁን ዝቅ አድርገህ፣ ጠርገህ ነው የምትተወው። የሚቀጥለው ሰው ሲያደርገው ጆሮው ላይ እንዳይጮህበት። ከፍ አድርጎ መሄድ ነውር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰላም ስልዎት እንኳ አይመልሱልኝም። በምን አፌ ልንገርዎት?» አለና ድምፁ ትንሽ ጠነከረ። «ደግሞስ እርስዎ? እኔ ምን አድርጌዎት ነው ኮምፒውተሩን ጣሪያ ሰቅለው የሚሄዱት? ገብቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል። እኔማ ወንበርዎን እንዳልወስድ ሊያደነቁሩኝ ነው ብዬ ነበር።»

«እኔ? አንተን?»

«ታዲያ ማንን?»

አለቃው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። እሱ ገመዱ ላይ ያለችውን ይቀንሳል። እሷ ጠዋት ገብታ ድምፁ ሲያንሳት ኮምፒውተሩን ትጨምራለች። እሱ ከሰዓት ሲመጣ ይጮህበታል፤ የሰው ኮምፒውተር ማስተካከያ መንካት ስለሚያፍር ገመዱን የባሰ ይቀንሳል። እሷ ደግሞ የባሰ ትጨምራለች። ኮምፒውተሩ ጣሪያ ሲደርስባት ድምፅ የሚከፍተው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ተጨማሪ ማጉያም አግኝታ እስከ መጨረሻው ገፍታዋለች። እንደዚያ ሲገፋ ቃሉ ብቻ አይደለም የሚጎላው፤ ቆሻሻውም አብሮ ይጎላል፣ ቃሉም ይሰነጠቃል። አንዱ በደግነት፣ አንዱ በብስጭት ሲጓተቱ ድምፁን መሀል ላይ በጣጠሱት።

«አሁን ተቀምጣችሁ አስተካክሉት» አለ አለቃው። «ዓርብ ነገ ነው።»

ተቀመጡ። የገመዷን ማዞሪያ እስከ ላይ ከፈቷት። የፕሮግራሙን ተጨማሪ ማጉያ ወደነበረበት መለሱ። የኮምፒውተሩን ድምፅ ከጣሪያ አወረዱት። ባለመነጽሩ ተንበርክኮ ሄድፎኑን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ፊት ካለው ቀዳዳ ነቀለና ከሳጥኑ ጀርባ ሰካው፤ የዝንቧ ጩኸት ጠፋች። እሱ አደረገውና አዳመጠ። «ውሃ ነው» አለ። «ጥርት ያለ ውሃ።»

እመት ጆሮ ተቀብላ አደረገችው። የወንድማማቾቹን ድምፅ ከፈተች። ዓይኗን ጨፈነች። ታናሽየው ሲናገር ፊቷ በራ። ታላቅየው ሲቀጥል ግን ግንባሯ ተኮማተረ። መልሳ ከፈተችው። እንደገና መለሰችው።

«አሁንም ሰውየው ያንሾካሹካል» አለች።

«እትዬ፣ ታላቅየው በግራ ጆሮ፣ ታናሽየው በቀኝ ነው የሚገቡት፤ አሁን እኮ ሁለቱም እኩል ናቸው።»

«ግራው ሞቷል! ግራውን ነክተኸዋል!» ብላ ተነሣች።

ልጁ እንደ ማፈር እያለ፣ «ገልብጠው ያድርጉት» አላት። «የግራውን ወደ ቀኝ። የሄድፎኑ ችግር ከሆነ ችግሩም አብሮ ይዞራል። ከዚያ ሌላ ይገዛልናል።» ካልዞረስ አላላትም። ማናችንም አልጠየቅነውም።

ሄድፎኑን እጇ ላይ ይዛ ቆየች። «ውጡልኝ» አለች በመጨረሻ። አለቃውም ሳይቀር ወጣን።

በመስታወቱ አየኋት። አልገለበጠችውም። ጠረጴዛውን አስተካከለች። ወንበሩን ገፋች፣ መልሳ ሳበች። ስፖንጁን አየችው፣ ጠረገችው። ሰው የማይፈልገውን መልስ የያዘ ዕቃ እንዲህ ነው የሚይዘው። ከዚያ ገለበጠችውና አደረገችው። ብዙም አልቆየችም። አወለቀችው።

ስትወጣ ባለመነጽሩን አላየችውም፣ አለቃውንም አላየችውም። እኔ ጋ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ታላቅየው መጣ» አለችኝ። «ቁልጭ ብሎ መጣ። አሁን ታናሽየው ነው የራቀው።»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበርና ፊቴን አየች።

«ሄድፎኑ ደህና ነው፣ ወንድሜ። በግራ ያደረግኩት ሁሉ ነው የሚርቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሰምቼ አላምንም ነበር።»

ቴሌቪዥኑ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። የጥርስ ሐኪሙ ማሽን ከታች ሲያንጫርር ቆየ።

ከዚያ ብድግ አለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ተመልሳ ገባችና ባለመነጽሩን «አንተ ልጅ» አለችው። «ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጆሮ እንዲመጡልኝ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ማደባለቅ ነው።»

«አሳየኝ። አንተ አታድርገው፤ እኔ ላድርገው፣ አንተ አሳየኝ።»

ማስተካከያው ውስጥ ገብተው አንዲት ነገር አበሩ። ሁለቱም ወንድማማቾች በቀኝ ጆሮዋ ገቡ። ከሰዓቱ የእሱ ነበር፤ ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ ቆሞ ዋለ። ሠራች። ዓርብ ጠዋት ጨረሰችው። ታላቅየው መጥቶ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበ። አንድም «አልተሰማም» የለም። ሰውየው አላመሰገነም፣ አልተሳደበም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። በር ላይ ሲያልፍ ግን «ያን ሁሉ ተናግሬያለሁ እንዴ?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለራሱ ነው ያለው።

እመት ጆሮ ከልጇ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የግራው ደክሟል፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀኙ ግን ደህና ነው አላት። መሣሪያ ሊሸጥልኝ ነው ብላ ጠረጠረችውና ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። እሱም ያንኑ አላት። «ተነጋግረው ይሆናል» አለችኝ። ሦስተኛ ዘንድ ግን አልሄደችም።

ለአለቃዋ ማንም ሳይነግርባት ራሷ ነገረችው። ያኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። «በቀኜ እሠራለሁ። ሥራዬን እይና ፍረድ» አለችው። እሱም «ላስብበት» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እያሰበ ነው። ኮፒ ማሽኑ ጋ ያለውን ወንበር ግን ለሌላ ሰው አልሰጠውም፤ ባዶውን ነው። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያ ወንበር አይጥመኝም። እሷም አይጥማትም፤ ስታልፍ ዓይኗን ታዞራለች። ከባለመነጽሩ ጋር ግን አሁን ሰላም ይባባላሉ። እሱ ማዞሪያዋን መቀነስ ትቷል፤ እሷ ኮምፒውተሩን ጣሪያ መስቀል ትታለች። ፎቶውን ግን አሁንም ታነሣለች።

ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። አለቃው የሚያየው ሰው ማንን ብሎ እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ የተቀዳ ድምፅ ያላችሁ ሰዎች ሂዱላት። አባታችሁ ሳይሞቱ ያወሩት ይሁን፣ የስብሰባ ቃል ይሁን፣ ማንም አልሰማው ያለ ጉርምርምታ ይሁን፣ ይዛችሁላት ሂዱ። ምድር ቤቱ መስታወት መሸጫ የሆነውን ሕንጻ ፈልጉ፣ እስከ ላይ ውጡ፣ ጠዋት ይሁን። አለቃው እንዲሰማ ጮክ ብላችሁ «እመት ጆሮን ነው የምንፈልገው» በሉ። በቀኟ በኩል ቁሙና አነጋግሯት። ከላይ እስከ ታች ብታያችሁ፣ ማን ላካችሁ ብላ ብታፋጥጣችሁ አትቀየሙ፤ ክፋት የላትም። ድምፃችሁን ስጧትና ቁጭ ብላችሁ ጠብቋት።